የአክስቴ ሰማያዊ ሳፋ

ሰፈሩ አጎቴን «ጠጋኙ» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የተሰነጠቀ ባልዲና የተነደለ ጀሪካን በጋለ ቢላዋ እያቀለጠ ሲደፍን ኖሯል። አሮጌ ባልዲውን ይዞ የሚመጣ ሰው እየጠፋ ሲሄድ ከብረት ቱቦ፣ ከረጅም ጠመዝማዛ ብረትና ከካውያ ማሞቂያ አንድ ማሽን ሠራ። ከላይ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ይጨመርበታል፤ ጠመዝማዛው እየገፋ፣ ቱቦው እያቀለጠ፣ ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ክር ሆኖ ይወጣል። ሴት ልጁ የምትሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለውን ክር እያቀለጠ፣ በስሱ እየደራረበ ዕቃ የሚያትም ማሽን አለ።

ሚስቱ፣ አክስቴ፣ ባለፈው ዓመት አረፈች። የግቢውን ሕፃናት ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ ያጠበችበት ሰማያዊ ሳፋ እሷ በሄደች በወሩ ከተሰቀለበት ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጁ እርጉዝ ነበረች።

«አባዬ፣ በቃ አትጠግነው» አለችው። «ክር አድርግልኝና ጆግ ላሳትመው። እማዬ የልጅ ልጇን በእጇ ባታጥበው፣ ውኃው እንኳ ከሳፋዋ ይፍሰስለት።»

አጎቴ መቀሱን አነሳ።

ግማሹን ሳፋ ከትፎ ጨመረ። መጀመሪያ ክሩ የሚያምር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ተነሳ፤ ክሩ ጠቆረ፣ ተቆረጠ፣ ቀዳዳው ተደፈነ።

ልጁ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ፣ «አባዬ፣ ክር አልኩህ እንጂ ከሰል መች አልኩህ?» አለችው።

አልሳቀም። ጠመዝማዛውን በትኩሱ ስቦ አወጣው። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ያረረውን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተ።

«የውኃ ቱቦ ነው» አለ። ደግሞ አሸተተና፣ «የእኔው ጥገና ነው» አለ።

ልጁ ገና ሕፃን ሳለች ሳፋው ተነድሎ ነበር። አጎቴ ቀለሙ ቁርጥ ሳፋውን የሚመስል የፕላስቲክ ውኃ ቱቦ ስባሪ ፈልጎ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በላዩ አቅልጦ ቀበረው። ያኔ የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ሳፋ በሚቀልጥበት ሙቀት ቱቦ እንደሚያር ማን ነግሮት! አክስቴ በዚህ ጥገና ትኮራ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሳፋውን ገልብጣ፣ «እስቲ የቱ ጋ ነው የተነደለው? ላገኘ ሰው ይሄን ሽማግሌ እመርቅለታለሁ!» ትል ነበር። ያገኘው የለም። ሲከትፈው እሱ ራሱም አላገኘውም።

ጠመዝማዛውን በነሐስ ብሩሽ ፈተገ። የማሽኑን ሆድ ግን በብረት መፋቅ አልደፈረም፤ አንዴ ከተጫረ ዝንተ ዓለም ቆሻሻ ሲይዝ ይኖራል። እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ እያጋለ ወለወለው። ከዚያ ነጭ ጀሪካን ከትፎ አሳለፈበት። ክሩ ጥቁር መጣ፣ ዝንጉርጉር መጣ፣ በመጨረሻ ነጭ ሆነ።

«ጠራ!» አለች ልጁ፣ ሆዷን ይዛ።

የቀረውን ግማሽ ሳፋ ከትፎ መጨመር ጀመረ። ሰማያዊው ክር መጣ፤ ውስጡ ግን ጥቁር ፍንጥርጣሪ ሞልቶታል። ነጩ ሳይነካው ያለፈውን ያረረ ነገር ሰማያዊው ከግድግዳው እየላጠ ያመጣዋል። እንዲህ ያለ ክር የማተሚያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ለምንም አይሆንም።

«አባዬ፣ በናትህ አቁመው!»

«ካቆምኩት እዚያው ደርቆ ይቀራል። አሁን ይጠራል።»

እፍኝ ጨመረ። ሌላ እፍኝ ጨመረ። «አሁን ይጠራል፣ አሁን…» እያለ ይለማመጣል፤ ማንን እንደሚለማመጥ አላወቅሁም። እግሩ ሥር የማይረባ ክር ተቆለለ።

በመጨረሻ ጠራ። ክንድ የምታህል፣ ነጥብ የሌለባት ሰማያዊ ክር ወጣች። አጎቴ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል እጁን ወደ ፍርፋሪው ባልዲ ሰደደ። ጣቶቹ የባልዲውን ቂጥ ጫሩ። ማሽኑ ባዶውን ይዞራል።

ልጁ ክሯን አንስታ ጣቷ ላይ ጠመጠመቻት። ለጆጉ ቀርቶ ለእጀታውም አትበቃም።

አጎቴ የማሽኑን አፍ በጨርቅ ጠረገ። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

«ያን ያህል አሳምሬ ባልጠግነው ኖሮ» አለ።

ለዚህ መልስ የነበራት አክስቴ ነበረች።