ሰማይ የሰፋው ባሌ

ባሌ ድንኳን ሰፊ ነበር። እንዲህ ስል ሰዉ ሁሉ «እ፣ ልብስ ሰፊ» ይለኛል። አይደለም። ልብስ ሰፊ የሚለካው ሰውን ነው፣ ድንኳን ሰፊ ግን ንፋስን ነው የሚለካው። ይህን ያለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል አይመጣልኝም፤ ቶሎ የሚመጣልኝ ስድብ ነው።

ቤታችን አንድ ክፍል ሆና ከኋላዋ ጣሪያው ከፍ ያለ መጋዘን ነበራት። ሸራው ከስፌት መኪናው ወርዶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ አልጋችን እግርጌ ድረስ ይመጣል። ጥፍሩ ውስጥ ሁልጊዜ ሰም አለ። ጣቶቹ በመርፌ ተበሳስተዋል። ሳሉም የሸራ ብናኝ ሳል ስለነበረ እሱ ከመድረሱ በፊት መምጣቱን በሳሉ አውቅ ነበር።

እናትና አባቱ በላይ በላዩ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሙ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ባሌ ትምህርቱን ጣለና መርፌ ያዘ፤ ትንሹ እንዲማርለት። ሲያገባኝ ይህን ወንድሙን፣ ዋርሳዬን፣ ከነደብተሩ ጨምሮ ነው ያስረከበኝ። ሐሰት ለምን እናገራለሁ፣ ደስ የሚል ልጅ ነበር። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሸራ ላይ ተጋድሞ ያነብባል፤ ስጠራው «አቤት እትዬ» ብሎ እየተንደረደረ ይመጣል። አድጎ የሰማይ ትምህርት አጠና። ሄዶ፣ ቆይቶ፣ መነጽርና ቀስ ያለ አነጋገር ይዞ ተመለሰ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ «ጋሼ፣ ሰማይ ስፋልኝ» አለው።

ባሌ ሳቀና እጁን ጠረገ። ዋርሳዬ ግን የምሩን ነው። ለካ በየትምህርት ቤቱ ተጭኖ የሚሄድ የጨርቅ ሰማይ ኖሯል። ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ ነጭ፣ ለሁለት እንደተከፈለ ኳስ የተደፋ ድንኳን ነው። ሰው ውስጡ ይቀመጣል፣ መሀል ላይ ያለች የብርሃን መኪና ከዋክብቱን ጣሪያው ላይ ትረጫለች፣ አስተማሪው ያስረዳል። ምሰሶ የለው፣ ገመድ የለው።

«ገመድ ከሌለው ማን ይስበዋል?» አለ ባሌ። ሰማዩ ሳይሆን ይኼ ነው የከነከነው። ለእሱ ድንኳን ማለት ከውጭ የሚስበው ያለው ነገር ነው።

«ንፋስ ከውስጥ ይገፋዋል፣ ጋሼ።»

«ንፋሱስ ከየት ይመጣል?»

«ውጭ ከሚቀመጠው ማራገቢያ።»

«እንግዲያው ውጭ ሰው አለ» አለና ልቡ አረፈ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደ ልጅ ጠየቀ፤ «የእውነተኛው ሰማይስ? የዩኒቨርሱ ዳር ጋ ስንደርስ፣ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

«አይታወቅም፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ያለው ብርሃን ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። እንደዚሁ ይቀጥል ይሆናል፤ ሌላ ዩኒቨርስ ይኖር ይሆናል። እኔም አላውቅ፣ ማንም አያውቅ።»

ይህን ከነቃሉ የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ያን ጊዜ ዋርሳዬ «አላውቅም» ማለት አያሳፍረውም ነበር።

ባሌ ያንን ሰማይ ሲሰፋ ሌላ ሥራ እንዲነካ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አልቆ የተነፋ ቀን ደግሞ ድንኳን ሰፊ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ውስጥ ገብቶ በሩን መዝጋት ነው፤ መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ በብርሃን ይታያል፤ ያንን እያዩ በሰም መድፈን ነው። ሌላ ጊዜ ብቻውን ይገባል። ያን ቀን ግን «ነይማ» ብሎ ጠራኝ።

በጀርባችን ተጋደምን። የስፌቱ ቀዳዳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበሩ ነበር። ደካማ ብርሃን ነው፣ ግን ስንቱ! ባሌ እጄን ያዘ። በትዳራችን ከዚያ የበለጠ ቀን አላስታውስም።

«ባይደፈን ምን ነበረበት» አልኩት።

«የወንድሜ ኮከቦች እንዲታዩ የኛ መጥፋት አለባቸው» አለኝና ሰሙን አነሳ። እኔ ከውጭ በመዳፌ እየደገፍኩለት እሱ ከውስጥ አንድ በአንድ ደፈናቸው።

ሰማዩ ሥራ ጀመረ። ማራገቢያው አሮጌ ነበርና ይንቀጠቀጣል፤ ንፋሱን የሚያስገባው የጨርቅ እጅጌ ካልተያዘ ይወልቃል። ንፋሱ ሲበዛ ስፌቱን ይወጥራል፣ ሲያንስ ሰማዩ ይረግባል። ስለዚህ ትርኢት በተደረገ ቁጥር ባሌ ውጭ ተንበርክኮ እጅጌውን እንደያዘ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው እየተንጫጩ ይገባሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይወጣሉ፣ ባሌ ያያቸዋል። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኮከቦቹ በርተው፣ ወንድሙ እያስረዳ፣ እንደ ሰው ተቀምጦ አንድ ጊዜ ማየት።

«ዛሬ አይመችም፣ ጋሼ። ለሚቀጥለው» ይለዋል ዋርሳዬ። የሚቀጥለው ደግሞ ሌላ የሚቀጥለው ነበረው።

ዋርሳዬ ስም አወጣ። ፎቶው በየግድግዳው ተለጠፈ። መጀመሪያ «ወንድሜ የሠራው ድንኳን» ይል ነበር፤ ቀጥሎ «የሠራነው» ሆነ፤ ቀጥሎ «የሠራሁት»። ቆሽቴ ሲያርር ባሌ «ተይ፣ አፉን አዳልጦት ነው» ይለኛል። እንዴት ያለ አዳላጭ አፍ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚወድቅ!

ሳሉ ሲብስ ሐኪሙ «ከአቧራ ራቅ» አለው። ድንኳን ሰፊን ከአቧራ ራቅ ማለት ከቆዳህ ውጣ እንደማለት ነው። እኔ ግን ጊዜው እያጠረ መሆኑ ገባኝ። በትልቁ አዳራሽ፣ ትልልቅ ሰዎች የተጠሩበት ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ማንም ሳይጠራኝ ተነስቼ ሄድኩ። ባሌ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ማራገቢያው አጠገብ ተንበርክኳል። ዛሬስ ግባ ይለኝ ይሆናል ብሎ ነው ኮቱን የለበሰው።

«ተነስ፣ እጅጌውን ስጠኝና ግባ» አልኩት።

«ወንድሜ ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ! አፍንጫውን የጠረግኩለት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

እጄን በእጁ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «ሲበዛ እጅሽን ይገፋሻል፤ ላላ አድርጊው። ሲደክም ታውቂዋለሽ።» ጫማውን አወለቀ፣ ጥንድ አድርጎ ከእንግዶቹ ጫማ ራቅ ብሎ አስቀመጠ፣ በጉልበቱ ገባ።

በጨርቁ ውስጥ ድምፁ ሁሉ ይሰማኛል። ዋርሳዬ ከፀሐይ ተነሳ፣ ከዋክብቱን አሳለፋቸው፣ እየራቀ እየራቀ ሄዶ የሚታየው ነገር መጨረሻ ላይ አደረሳቸው። አንዲት እንግዳ፣ «ከዚያስ ወዲያ? ከዩኒቨርስ ዳር ውጭ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«አይታወቅም» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሰዉን ዝም የሚያሰኝ መልስ መልመዱን አላወቅኩም።

«ምንም የለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨለማ እንኳ የለም። ‹ውጭ› የሚባል ነገር ራሱ የለም። ከዚህ ውጭ ማንም የለም።»

ከዚያ የባሌን ሳል ሰማሁ፤ ከሳሉ ኋላ ድምፁን።

«አለ እንጂ። ሚስቴ አለች።»

ሰማዩ በሙሉ ሳቀ። ሳቃቸው ጨርቁን ነቅንቆ በእጅጌው በኩል እጄ ላይ መጣ። ባሌ ሊቀልድ አልነበረም፤ ቀልድ አያውቅም። ያን ሁሉ ዘመን የጓጓለትን አይቶ ልቡ ሲጠፋ፣ የየትኛው ሰማይ ወሬ እንደሆነ ተምታታበት። ውጭ ማንም የለም ሲባል ግን ውጭ ማን እንዳለ ያውቃል። ምናልባትም እኔ ሰምቼ ቅር እንዳይለኝ ብሎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ያን ጊዜ ዋርሳዬ «ወንድሜ ነው» ቢል አብረው ይስቁና ያልፍ ነበር።

«አባባ፣ እባክዎን ይቀመጡ» አለ። «ይቅርታ፣ ክቡራን እንግዶች። ከሠራተኞቻችን አንዱ ናቸው።»

«ጋሼ፣ አንተ» ብሎ ያደገውን ልጅ ነው የምላችሁ። «እርስዎ» ማለቱን ማክበር አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። በዚያች በአንድ ቃል ወንድሙን ጎትቶ አውጥቶ ከማያውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር ደባለቀው።

የማራገቢያው ማጥፊያ እጄ ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ብጫነው ያ ሁሉ ሰማይ በተበጠረ ጠጉራቸው ላይ ይተኛል። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሷል። ያልተጫንኩት ስለ ጨዋነቴ እንዳይመስላችሁ። ባሌ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትርኢቱ ሳያልቅ በጉልበቱ ወጣ። ጫማውን አጠለቀ፣ መጥቶ እጅጌውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ስፌቱ አይታይም» አለኝ።

ለድንኳን ሰፊ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነው የተናገረው።

ከዚያም በኋላ እጅጌውን ይዞ ኖረ፤ ሳሉ አልጋ ላይ እስኪጥለው ድረስ። ነገሩን አንድ ቀን አላነሳውም፣ ዳግመኛም ልግባ አላለም። ዋርሳዬ ሊጠይቀው ሲመጣ እንደገና «ጋሼ፣ ጋሼ» ነው። በእኛ ቤት ወንድሙ ነበር፤ ከበራፋችን ወዲያ ነው የማያውቀው። ባሌ ሲሞት ከሁሉም በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። እንባው የውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የውሸት ቢሆንማ እገላገለው ነበር።

ከቆየ በኋላ «እትዬ፣ አንድ ቀን መጥተሽ እዪልኝ» ብሎ ላከብኝ። ሄድኩ። ማራገቢያው አዲስ ነው፤ እጅጌውን በብረት ጠፍሮ ስለሚይዝ ሰው አያሻውም። ዋርሳዬ ክንዴን ይዞ ደህናው ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። ባሌ አንድ ጊዜ የለመነውን እኔ ሳልለምን አገኘሁት።

ኮከቦቹ በሩ፣ መዞርም ጀመሩ። አንዱ ግን አልዞረም። ታች፣ ከዳሩ አጠገብ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲያልፉት እሱ ቀጥ ብሏል። ትንሽ አየሁትና ገባኝ። ሰሙ ከስፌቱ ቀዳዳ ወድቆ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ገብቶ ቀዳዳ የሚፈልግ የለም አሁን። ለዋርሳዬም አልነገርኩት፤ ለእሱ ስል አይደለም፣ እንዲደፍነው ስላልፈለግኩ ነው።

መጨረሻው ላይ አንዲት ተማሪ ያንኑ ጠየቀች። «ከዩኒቨርስ ዳር ወዲያ ምን አለ?»

ዋርሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቱን ወደተቀመጥኩበት መለስ ሲያደርግ አየሁት። ቢያንስ በእኔ ፊት ያችን የጥንቷን «አላውቅም» ይላታል ብዬ አፉን አፉን አየሁ።

«ምንም የለም» አለ፣ በዚያው በለመደው ድምፅ። «ጨለማ እንኳ የለም። ከዚህ ውጭ ማንም የለም።»

አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ጆሮዬን ከኋላዬ ወዳለው ጨርቅ አስጠጋሁ። ሳል የለም፤ ማራገቢያው ብቻውን ያጓራል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ያን ቀን አልዋሸም፤ ውጭ ማንም አልነበረም።