በጋሽ ዩሱፍ ብየዳ ውስጥ ያየሁት ቀይ መስመር

በጥር ወር አንድ ማለዳ ከአዲስ አበባ የወጣሁት በአጎቴ በተካ የጭነት መኪና ነው። ጭኔ ላይ በፎጣ የጠቀለልኩት ስፔክትሮስኮፕ አለ፤ ብርሃንን በታትኖ ቀለም በቀለም የሚያሳይ፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት አጭር የነሐስ ቱቦ። የኮሌጅ መመረቂያ ሥራዬ የኤሌክትሪክ እሳት ክፍት ቦታ ላይ ሲነድ አየሩን ምን ምን አድርጎ እንደሚሰባብረው ከብርሃኑ ማወቅ ነው። የአዲስ አበባ በያጆች "ሥራ አታስፈታን" ብለው ስላባረሩኝ አጎቴ አዘነልኝ።

"ና፣ አሰበ ተፈሪ ዩሱፍ የሚባል ወዳጅ አለኝ። እሱ እንግዳ አያባርርም" አለኝ።

አጎቴ የራሱም ጣጣ ነበረበት። ከመቻራ ቡና ጭኖ ሲመለስ የባሌስትራው መያዣ፣ መኪናውን ከነጭነቱ የሚሸከመው ብረት፣ ሁለት ጊዜ ተሰብሮበታል። ሁለቱንም ጊዜ የበየዱት ጋሽ ዩሱፍ ናቸው።

"አሁንም ካልያዘ ድሬዳዋ ወስጄ ነው የማስበይደው" አለ መሪውን እንደያዘ። "እኔ ከተውኩት ሌሎቹም ሾፌሮች ይተዉታል፤ ብየዳ ቤቱን ይዘጋል። ታዲያ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ከአዋሽ ወዲያ

አዋሽ አድረን ጉዞ ቀጠልን። አቧራው አይጣል ነው፤ ጥርሴ ሥር ሲንኮሻኮሽ ዋለ። ሚኤሶ ላይ በአሥር ሳንቲም አንድ ጣሳ የግመል ወተት ገዛሁ። ጭስ ጭስ ሲለኝ ፊቴን አጨማደድኩ፤ ሻጯ ሳቀችብኝ። "ጠጣው፣ ከተማ ያጠወለገህን ያቀናሃል" አለች። ጠጣሁት፤ ሁለተኛም አስቀዳሁ። ከዚያ ዳገቱ ሲጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ በግራም በቀኝም የታጨደ ማሽላና ጫት የለበሰ ተራራ። ደስ አለኝ፤ ዝም ብዬ ማፏጨት ጀመርኩ።

አሰበ ተፈሪ

ጋሽ ዩሱፍ ረጅም፣ ቅንድባቸው በፍንጣሪ የተለበለበ ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ብርሃን ልታይ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው? እዚያ ፀሐይ አይወጣም?"

ሞተሩን አስነሥተው ቁራጭ ብረት መበየድ ጀመሩ። እኔ ራቅ ብዬ፣ በሻማ ጭስ ያጠቆርኩትን መስታወት ቱቦው ፊት አድርጌ ተመለከትኩ። አረንጓዴው ላይ የጋለ ብረት የሚሰጣቸው መስመሮች ተጠቅጥቀዋል። ቀዩ ዳር ላይ ደግሞ ለብቻው ቁልጭ ያለ መስመር፦ ሃይድሮጅን። እሳቱ እርጥበት ውስጥ ያለውን ውሃ ሲሰባብር የሚወጣ ነው። ከአየሩ የመጣ መስሎኝ ልቤ በደስታ ዘለለ።

እያቀለጡ የሚበይዱበት ዘንግ አለቀና ከመደርደሪያ አዲስ እሽግ ከፈቱ። አሁንም አየሁ፤ ቀዩ መስመር ጠፍቶ ሊያልቅ ደርሷል። አየሩ ያው አየር ነው። እንግዲያው ቀዩ የመጣው ከፊተኛው ዘንግ ነው።

"ጋሽ ዩሱፍ፣ ያንን የፊቱን የት ነበር ያስቀመጡት?"

"ፋጡማ ሳጥን ውስጥ" አሉ በኩራት። "እኔ ዕቃ አላበላሽም።"

ሚስታቸው ወይዘሮ ፋጡማ እዚያው በር ላይ ጫት ይሸጣሉ። ሳጥናቸውን ከፈቱልን፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ እስር እስር ጫት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚረጭበት። ከሥሩ የብየዳው ዘንግ በተርታ ተኝቷል።

"ጫት ካልረጠበ ይሞታል" አሉ ጋሽ ዩሱፍ። "የዘንጉም ልባስ ሲደርቅ ተፈረፈረብኝ። ስለዚህ ከጫቱ ጋር አደረግኩት።"

አንዱን አሮጌ ብየዳ በመዶሻ ሰበርነው። ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከዘንጉ እርጥበት የሚወጣው ሃይድሮጅን የቀለጠው ብረት ውስጥ ገብቶ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንዲህ እንደሚያደርገውና ብየዳው ቶሎ እንደሚሰበር ነገርኳቸው። ጋሽ ዩሱፍ ስብርባሪውን ደጋግመው አገላበጡት። አሳዘኑኝ።

"እኔ ታዲያ መንገድ ላይ የቀረሁት በጫት ነው?" አለ አጎቴ።

"የእሱን ብረት በየቀኑ ውሃ ሳጠጣ ኖሬአለሁ" አሉ ወይዘሮ ፋጡማ፤ ባልየውም ሳይወዱ በግዳቸው ሳቁ።

ዘንጎቹን ቆርቆሮ ላይ ዘርግተን በከሰል አሞቅናቸው። ልባሳቸው የተበላሸውን ጥለን የተረፈውን ስንሞክር ቀዩ መስመር ቀጥኗል። ጋሽ ዩሱፍ የባሌስትራውን መያዣ ከአሮጌው ብየዳ ሙልጭ አድርገው ሞርደው፣ ቢስሚላህ ብለው እንደገና በየዱት።

መቻራ

ሲነጋ በበዴሳና በገለምሶ በኩል ወረድን። መንገዱ ጉድጓድና ድንጋይ ብቻ ነው። አጎቴ በየጉድጓዱ ቆሞ መኪናው ሥር ይገባል፤ አቧራ ለብሶ ይወጣል፤ "ይዟል" ይላል። መቻራ ላይ ቡናው ሲጫን በእያንዳንዱ ጆንያ ፊቱ ይጨማደድ ነበር።

ስንመለስ ግን ገለምሶን ካለፍን በኋላ ወርዶ ማየቱን ተወ።

"ጋሼ፣ አታየውም?" አልኩት አጎቴን።

"ምኑን አየዋለሁ? ይልቅ ፋጡማ ከሰነቀችልን ሙዝ ላጥልኝ" አለኝ።

ጋሽ ዩሱፍ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር የጠበቁን። ሰላምታም አልሰጡን፤ በቀጥታ መኪናው ሥር ገቡ። ሲወጡ "አልሐምዱሊላህ" ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ ያንን ቱቦ አምጣ።"

የብየዳውን እጀታ አጎቴ ያዘ። ዘንጉ ብረቱ ላይ እየተጣበቀበት ሲያስቀን ቆይቶ በመጨረሻ ነደደለት። ጋሽ ዩሱፍ ዓይናቸውን ቱቦው ላይ አድርገው ቀለሞቹን ተመለከቱ።

"ይሄ ሁሉ ቀለም ከእጄ ነው ሲወጣ የኖረው?" አሉ።

"አዎ።"

"ወላሂ፣ እኔ እኮ በጥቁር መስታወት ብቻ ነው የማውቀው።"

አዲስ አበባ

ቤቴ የገባሁት ከሂርና የመጣ ሚጥሚጣና የወይዘሮ ፋጡማን ሙዝ ተሸክሜ ነው። አየሩን ላጠና ሄጄ የሰው ሥራ ማየት ተምሬ መጣሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ከመንገድ የተመለስኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አስተማሪዬ የጻፍኩትን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

"እርጥብ ዘንግ ሃይድሮጅን እንደሚሰጥ መጽሐፍ ላይ አለ። አዲስ ነገር አላገኘህም።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "የጋሽ ዩሱፍ ብየዳ ቤት ግን አልተዘጋም።"