ከመሬት መሸሽ

ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ሰፈር የከፈተው ሱቅ በተዘረፈ በሁለተኛው ወር ደሳለኝ ሚስቱን አማረችን ጆሃንስበርግ ትቶ፣ ከአገሩ ልጅ ከማርቆስ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ሁለቱም ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ እያወጡ ያደጉ ናቸው።

«ውኃ ያው ውኃ ነው» አላት ሲሰናበታት።

«አንተ የምታውቀው ጨው የሌለበትን ነው» አለችው አማረች።

አንዲት ትንሽ የዓሣ ጀልባ ላይ ተቀጠሩ። ካፒቴኑ አንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ቀን፣ መረቡን ጎትተው ሳይጨርሱ ሰማዩ ጠቆረና ነፋሱ ደረሰባቸው። ማዕበሉ ጀልባዋን አንሥቶ ሲጥላት ካፒቴኑ ከጀልባዋ ብረት ጋር ተላተሙ፤ ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። አጠገባቸው የነበረው ደሳለኝ ነው።

«መሪውን ያዝ!» ብለው ጮኹ። «አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ! ከመሬት አርቃት!»

ደሳለኝ ጆሮውን ማመን አቃተው። ጫሞ ላይ ነፋስ ሲነሣ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ዳር መሮጥ። የዘገየ አይመለስም። እዚህም ዳሩ ያው ይታያል፤ የቤቶቹ ጣሪያ ሳይቀር ይለያል።

ማርቆስ ውኃ የሚደፋበትን ባልዲ ጥሎ በአማርኛ ጮኸ፦ «ደሴ! ሽማግሌው አብዷል! ወደ መሬት አዙር!»

ጀልባዋ ላይ አምስት ሰው ነበር። የሁሉም ነፍስ በደሳለኝ ሁለት እጆች ላይ ወደቀ። እጆቹም ሳያማክሩት ወደ መሬት አዞሩ።

ማዕበሉ ከጎን መታቸው። ማርቆስ እየተንሸራተተ ሄዶ ጠርዙ ላይ ገመድ ያዘ። ጀልባዋ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ስትወጣ ደሳለኝ ፊት ለፊት አየ፤ ቀድማቸው ወደ ዳር የሮጠች ሌላ ጀልባ ነጭ አረፋው ውስጥ ከፍ አለች፣ ድንጋዩ ላይ ወረደች። ከዚያ ጣውላ ብቻ ታየ። ሰው አልታየም።

«አየህ?» አሉ ካፒቴኑ ክንዳቸውን እንደታቀፉ። «የሚገድለን ድንጋዩ ነው።»

ደሳለኝ መሪውን መልሶ አዞረና ጀርባውን ለመሬት ሰጠ። ከፊቱ ጥቁር ውኃ ብቻ ነበር። ሱሪው ሲርስ የባሕር ውኃ አለመሆኑን በሙቀቱ ዐወቀ።

«ገደልከን! ለአማረች ማን ሊነግራት ነው?» እያለ ማርቆስ እየዳኸ መጣ። ደሳለኝ መሪውን ሊነጥቀው የመጣ መስሎት ነበር። ማርቆስ ግን የደሳለኝ ጉልበት ሲብረከረክ አየና ከኋላው ቆሞ በደረቱ ደገፈው። ነፋሱ እስኪበርድ አምስት ሰዓት እንደዚያ ቆሙ።

ዛሬ ሁለቱም ተመልሰው ካትሌሆንግ ሱቅ ይሠራሉ። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሲጠየቅ ማርቆስ ቀድሞ እየተነሣ፣ «ደሳለኝ ሳይንቀጠቀጥ አወጣን» ይላል። ባለፈው እሑድ ግን ደሳለኝ ራሱ ተነሣ።

«ተንቀጥቅጫለሁ» አለ። «መጀመሪያም ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ ነው ያዞርኳት።»

«ተቀመጥ ባክህ! አዙር ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ» አለ ማርቆስ ከወንበሩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ አልሳቁም።