የካሚዮን ዓይን

ልጆች እያለን ካሚዮን ዓይን ያለው ይመስለን ነበር። ሁለቱ ትልልቅ መብራቶች ዓይኖቹ፣ በመካከላቸው ያለው እንፋሎት የሚተፋ ብረት አፍንጫው። የተሳሳትነው የመንደሩ ልጆች በሙሉ ነን፤ ስሕተቱን ያገኘሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። አባቴ ዱር ስለገባ ቤቱን የያዘችው እናቴ ነበረች። ከቡሬ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ከተማ የሚወስደው አዲሱ መንገድ መንደራችንን ለሁለት ከፍሎት፣ ቤታችን በወዲህ፣ የኔታ የሚያስተምሩበት ዋርካ በወዲያ ቀሩ። እኔና ታናሽ እህቴ ጥሩነሽ በየቀኑ እንሻገራለን። ሴት ልጅን ፊደል ለማስቆጠር መላክ ያኔ ብዙም አልተለመደም። እናቴ ግን «ወንዱ ነገ ዱር ይገባል፤ ደብዳቤውን ማን ያነብልኛል?» ብላ ልካታለች።

ከትምህርት ስንለቀቅ አንድ ካሚዮን መሻገሪያችን ላይ ቆሞ እናገኛለን። ጣሊያኑ ነጂ መንገዱ አጠገብ ካለው ወንዝ ውኃ እየቀዳ ያጠጣዋል። ነዳጅ፣ የጋለ ብረትና እርጥብ አፈር ተደባልቀው ይሸታሉ፤ ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የአገራችን ሰው «ከበቅሎ ኋላ፣ ከሹም ፊት አትለፍ» ይላል። እኛም ካሚዮን በቅሎ እንጂ ሹም አይደለም ብለን ፈረድን። ስለዚህ እንዳይራገጥብን ከኋላው ሸሽተን፣ እንዲያየን አፍንጫው ሥር ተጠግተን እናልፋለን። ጥሩነሽማ እንዲለምዳት ብላ መብራቱን ትዳብሰው ነበር።

አንድ የመስከረም ቀን፣ እየዳበሰችው ሳለ አገሣና ተንቀሳቀሰ። «ኧረ ልጅ አለች!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ያኔም እንደ ዛሬው ጎላ ያለ ነበር። ካሚዮኑ ገፍቶ ጭቃው ላይ ጣላትና ቆመ። ነጂው ዘሎ ወርዶ በቋንቋው ጮኸ፤ በሁለት ጣቶቹ የራሱን ዓይኖች ነካ፣ ከፍ ያለ መቀመጫውን አሳየን፣ እጁን አወራጨ። ልጆቹ «ዓይናችሁን አወጣዋለሁ ማለቱ ነው!» ብለው እግሬ አውጪኝ አሉ። እኔ ግን ነገሩን በልቤ ይዤ እህቴን አነሣኋት።

እናቴ ጭቃ የለበሰችውን ልጇን ስታይ አመዷ ቡን አለ። «በቃ! ከነገ ጀምሮ ጥጥ ትፍተል።»

«ደብዳቤውስ እማዬ?» አለች ጥሩነሽ።

«ደብዳቤው ገደል ይግባ! ሬሳ አያነብልኝም!»

በማግስቱ በቆሎ ልጠብቅ ማማ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ከፍታ የማይታየኝ ማሳ የለም። ከእግሬ ሥር ግን ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ አንዲት ዝንጀሮ የማማውን ቋሚ ተደግፋ በቆሎዬን ትልጣለች! የነጂው ጣቶች ያን ጊዜ ትርጉማቸው ተገለጠልኝ። የሚያየው መብራቱ አይደለም፤ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱም ከካሚዮኑ አፍንጫ ሥር ያለውን አያይም። ይህን የኔታ አላስተማሩኝም፣ መጽሐፍም አልነገረኝ።

ሮጬ እናቴን አመጣኋት። «እማዬ፣ ይውጡና ጥሩነሽን ይፈልጓት።»

«በስተርጅና ማማ ልውጣልህ?» እያለች፣ እያጉረመረመች ወጣች። ወዲያ ወዲህ አየች። «ልጄን የት አደረግሃት?»

«ከእግርዎ ሥር ናት!» አልኩ፤ እሷ ስትወጣ ጥሩነሽን ከማማው ቋሚ ሥር አቁሜያት ነበር።

ከዚያ ጥሩነሽን በእያንዳንዱ ፊደል አንድ እርምጃ እንድትራመድ አዘዝኳት። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ...» እያለች ሄደች። «ሆ» ስትል አናቷ ታየ፤ «ለ» ብላ ቀጥላ «ሎ» ስትደርስ እስከ እግሯ ድረስ ታየች። እናቴ ሳቀች። «ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንዲሁ ነው ልጄ። ታች ያለው አይታየውም።» ስለ ካሚዮን ብቻ እንዳልተናገረች የገባኝ አድጌ ነው።

እጃችንን ይዛ የኔታ ዘንድ ወሰደችን። «ደግሞ የካሚዮን መሪጌታ መጣህልን!» ብለው ቀለዱብኝ፤ ሰምተው ሲጨርሱ ግን ደንብ አደረጉት። ትልቁ ትንሹን ይዞ፣ ከካሚዮኑ ፊት ከ«ሀ» እስከ «ሎ» ሁለቱን የፊደል ቤቶች በእርምጃ ቆጥሮ ይርቃል፤ የነጂው ዓይን ካልታየው አይሻገርም። ነጂውም ለመደን፤ «ሎ!» ብለን በአንድ ድምፅ ሳንጮህ ሞተር አያስነሣም ነበር። ጥሩነሽ ዳዊት እስክትደግም ተማረች።

ዛሬ የልጅ ልጄ ልጅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በትምህርት ቤት ሰርቪስ እየተመላለሰች ትማራለች። የመኪናው ረዳት ወርዳ እጇን ይዛ ታሻግራታለች። ትምህርት ቤቱ የአወጣጥና የአወራረድ ደንብ በወረቀት ልኮልን ያለ መነጽር አነበብኩት። ደህና ነው፤ እኔ ካወጣሁት ላይ የጨመሩት ቀበቶውን ብቻ ነው።

እናቴ ግን ያ ሁሉ ደንብ ወጥቶ እንኳ፣ በየጠዋቱ «ጭራሮ ልልቀም» እያለች እስከ መንገዱ ትከተለን ነበር። መንገዱ ዳር ጭራሮ የሚባል ነገር የለም፤ እስቅባት ነበር። አሁን እኔም ጠዋት ጠዋት፣ ሰርቪሱ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ ያልፈረሰ አጥር እጠግናለሁ።