ሁለት ከሠላሳ

ሰበታ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ መብራት በበራበት ሰሌዳ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየሁ ጉድለቱን መቁጠር ነው። ክሩ የተበጠሰበት፣ ቀለሙ የሸሸበት፣ ዘይት የነካው ሁሉም ነጥብ አለው። ነጥቡ ከበዛ የጨርቁ ደረጃ ይወርዳል። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። አንዴ አንድ ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ጨርቁን ሳያይ «አንደኛ ደረጃ» ብሎ ቢጽፍ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት የራሴ ቆዳ ጉድለት ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ክርኔ ላይ፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ፣ ቀጥሎ ጀርባዬን ሞላው። ቀልቶ ይነሣል፣ ላዩ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ ጭርት ነው አለ፣ ሌላው ቋቁቻ ነው አለ። አንዲት ዘመዴ ነጭ ጋዝ ተቀባ ብላኝ ተቀብቼ፣ ክብሪት የያዘ ሰው እንዳይጠጋኝ ስሸሽ ሦስት ቀን ከረምኩ። ትክክለኛ ስሙን የነገረኝ የቆዳ ሐኪም ነው፤ ሶሪያሲስ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጨርሶም አይድንም፣ ግን በመድኃኒት ይበርዳል አለኝ።

ቅባቱን በየቀኑ ብቀባም አልበረደም። በየጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ፣ አንሶላው ላይ የረገፈውን ቅርፊት በልብስ ብሩሽ ጠርጌ በወረቀት አፍሼ እጥላለሁ። ባለቤቴ እንቅልፋም ስለሆነች አይታኝ አታውቅም። እንዲያውም በእንቅልፏ ሁልጊዜ እቀልድባታለሁ።

ሐኪሙ የሚሠራው ቡራዩ ነው። ባለፈው ዓመት፣ «አዲስ መርፌ መጥቷል፤ ግን ለሁሉም አይበቃም። የሚሰጠው ልኬቱን ለሚያልፍ ሰው ነው» አለኝ። ልኬት ሲል ደስ አለኝ፤ የለመድኩት ነገር ነዋ። መርፌውን ማግኘት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የተለካው ቆዳዬ ነው። ሸሚዜን አስወልቆ የራሴን መዳፍ ከነጣቶቼ መለኪያ አደረገው፤ አንድ መዳፍ ከጠቅላላው ሰውነቴ ከመቶ አንድ እጅ ይሆናል አለ። ከዚያ ለመቅላቱ፣ ለውፍረቱና ለቅርፊቱ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ሰጠ። ጀርባዬ ላይ ሲደርስ ሦስት ብሎ ሊጽፍ ሆነ።

«ዶክተር፣ ይሄኛው አራት አይሆንም?»

«እርስዎ እኮ አያዩትም።»

«በመስታወት አይቼዋለሁ። አራት ነው።»

ሳቀና አራት ጻፈልኝ። የቆዳውን ልኬት አለፍኩ።

ሁለተኛው ልኬት በወረቀት ነው። በሽታው ባለፈው ሳምንት ኑሮህን ምን ያህል ነካው ይላል፤ አሥር ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ እስከ ሦስት ነጥብ፣ ጠቅላላው ከሠላሳ። ከአሥር በላይ ያላመጣ ሰው መርፌውን አያገኝም። ጥያቄውን የምታነበው ነርስ ናት፤ የምታነበውም ኮሪደሩ ላይ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ ነው።

ከእኔ በፊት ከሱሉልታ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ወረፋው ሁሉ «ኦቦ» ይላቸዋል። ጋቢ ደርበዋል፤ እጃቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ቅርፊት ነው።

«አባባ፣ ባለፈው ሳምንት ቆዳዎ ምን ያህል አሳከከዎት?» አለቻቸው።

«ገለታ ዋቃ።»

«ከሰው ጋር መቀላቀልስ ከብዶዎት ነበር?»

«ገለታ ዋቃ፣ ሰላም ነን።»

«ሥራስ?»

«እግዜር ይመስገን። ከብቶቹም ደህና ናቸው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ምስጋናውን የምጽፍበት ቦታ የለም እኮ። በጣም፣ ብዙ፣ ትንሽ ወይም ምንም ይበሉኝ።»

«ምንም በይው ልጄ» አሉ፣ ክንዳቸውን እያከኩ።

በሆዴ ሳቅኩባቸው። ሰው እንዴት መለኪያ ፊት ቆሞ ይዋሻል ብዬ ታዘብኳቸው። ከዚያ ተራዬ ደረሰ።

«በቆዳዎ ምክንያት ምን ያህል አፍረዋል?» ስትለኝ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ።

«ምንም» አልኩ።

ስለ ልብስ ጠየቀችኝ። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሼ፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ «ያሻኝን ነው የምለብሰው» አልኩ። ለማሳከኩ «ትንሽ» አልኩ፤ እሱንም ትከሻዬን ከግድግዳው ጋር ሳሽ ስላየችኝ ነው። ቅባቱ ጊዜ ይወስዳል ወይ ስትለኝም እንደዚሁ ትንሽ አልኩ። ከባለቤትዎ ጋር ችግር ፈጥሯል ወይ ስትለኝ ግን፣ «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ኦቦ አግዳሚው ላይ ሆነው በመልሴ ተደስተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለት ከሠላሳ አመጣሁ።

ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። «በዚህኛው ሩብ ሰውነትዎ ተይዟል። በዚህኛው ደግሞ ከእኔ የተሻለ ኑሮ ነው የሚኖሩት» አለ። «በዚህ ውጤት መርፌውን ልሰጥዎ አልችልም። በሚቀጥለው ሳምንት አብሮዎት የሚኖር ሰው ይዘው ይምጡ።»

ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፣ በሦስት ታክሲ ራሴን እየሰደብኩ ተመለስኩ። ሳያይ አንደኛ ደረጃ የጻፈው ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። እሱ ቢያንስ ርቦት ነው።

በሳምንቱ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ተፍኪ ተወልዳ ያደገች፣ እውነትን በሁለት ቋንቋ የምትናገር ሴት ናት። ኦቦም ሴት ልጃቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም እንደ እኔ ሰው ይዘው ይምጡ ተብለዋል ማለት ነው።

ነርሷ ጀመረች። አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ማፈር?»

«በጣም። ለወንድሜ ሠርግ ሚዜ ሁን ሲሉት ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ወገቡ ደህና ነው።»

«ያለፈውን ሳምንት ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

«ባለፈው ሳምንትም ወገቡ ደህና ነበር። ለቅሶ ሄደን እጄን ይጨብጡኛል ብሎ በር ላይ ቆሞ ተመለሰ።»

«ልብስስ?»

«በጣም። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ገዝቼለት ሦስቱንም ለሰው ሰጥቷል።»

አፍሬ መሬት ላይ አፈጠጥኩ፤ በውስጤ ግን ነጥቡን እደምር ነበር። ከአሥር ስናልፍ «አለፍን» ብዬ በጆሮዋ ሹክ አልኳት።

«ከባለቤትዎ ጋር ችግር ፈጥሯል?» አለች ነርሷ ወደ እኔ ዞራ።

ባለቤቴ ክንዴን ለቀቀች። ደነገጥኩ። መርፌው ቢቀርም ይቅር፣ ይህን አንዱን ብቻ «ምንም» እንድትልልኝ ፈለግኩ።

«በጣም በይው» አለች። «በየጠዋቱ በጨለማ ተነሥቶ አልጋውን በብሩሽ ይጠርጋል። የማላየው መስሎት ነው። እንዳያፍር ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ። እኔ ጋ ሲደርስ ገልበጥ ብዬ ቦታ እለቅለታለሁ። ጠርጎ እስኪወጣ ድረስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሽንቴን ይዤ።»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ቀድመው የሳቁት ኦቦ ናቸው፤ ቀድመው ያቆሙትም እሳቸው ናቸው። «ልጄ» አሏት ነርሷን፣ «ተራዬ ሲደርስ የእኔንም በጣም በይው።»

እኔ አልሳቅኩም። እንቅልፋም እያልኩ ስቀልድባት የኖርኩት ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ሃያ አራት ከሠላሳ ሆነ። መርፌው በሚቀጥለው ሰኞ ይጀመራል ተባልን። በመንገድ ላይ ስለ ታክሲ ወረፋ እንጂ ስለ ሌላ አላወራንም።

በማግሥቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንደ ልማዴ ተነሥቼ ብሩሹን አነሣሁ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጠርግ ጎንበስ ስል፣

«ዛሬ መጀመሪያ እኔ ልውጣ» አለች።

ነጠላዋን ጎትታ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አጥልቃ፣ በሩን ሳትዘጋ ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔም ብሩሹን መሳቢያው ውስጥ መልሼ፣ ከነቅርፊቱ አልጋው ላይ ተኛሁና ጠበቅኳት።