አራተኛዋ እርከን

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ሀብት አስራ አንድ ፍየል ነበር። አስራ አንዱም ውኃ የሚያገኙት ከሜጋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ አራተኛዋ እርከን ላይ እኔ ስለምቆም ነበር። ቦረናዎች ኤላ የሚሉት ያ ጉድጓድ ከሥሩ እስከ ከብቶቹ ገንዳ ድረስ እንደ መሰላል የተቆረጡ እርከኖች ነበሩት። በየእርከኑ አንድ ሰው ይቆምና ከቆዳ የተሰፋውን ባልዲ ከታች ተቀብሎ ወደ ላይ ያቀብላል፤ ሁሉም እኩል እንዲያነሳ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ሰው ያቆመ ቤት ከብቱን ያጠጣል፣ ያላቆመ ይለምናል። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሜጋ ላይ ስኳርና ጨው የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ ጉድጓድ መውረድ ስላልቻለ ለቤታችን የወረድኩት እኔ ነኝ።

ቦታዋን የሰጡኝ አባ ጃርሶ ነበሩ። ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ ማን የት እንደሚቆም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ ደግሞ ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ በግቢያቸው የግራር ፍም እየተንተረከከ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ከበረቱ የከብት ትንፋሽና የወተት ሽታ እየመጣ፣ የቦረናው ልጅ፣ የጉራጌው ልጅ፣ ከሰሜን የመጣው የአስተማሪው ልጅ በአንድ ቁርበት ላይ ተጣበን እንቀመጥ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ፊት የሚያየው ፍሙ እፍ ሲባል ብቻ ነው።

ከሁሉ የምወደው የከርከሮውን ተረት ነበር። በድርቅ ጊዜ አራዊት ተሰብስበው ጉድጓድ ቆፈሩ። ከርከሮ ከሩቅ ሲደርስ ቁፋሮው አልቆ ነበርና፣ ከሥር የሚጠራቀመውን ጭቃ በአፍንጫው እየጠረገ ከሌሎቹ ጋር ጠጣ። ዝናብ ዘንቦ ሁሉም በጠገበ ጊዜ ዝሆን «ሲቆፈር አልነበርክም» ብሎ አባረረው። በሚቀጥለው በጋ ጉድጓዱ በጭቃ ተደፈነ፤ አራዊትም ከርከሮን ፍለጋ ወጡ። አባ ጃርሶ እዚህ ሲደርሱ ተረቱን ያቆማሉ። ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱና «ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም? እናንተው ጨርሱት» ይሉናል።

«አልተመለሰም። ይድረቁ» እላለሁ እኔ።

«አፍንጫ ያለው እሱ ብቻ ነው እንዴ? ጭቃውን ጅብ ይጥረገው» ይላል ወሪዮ። ወሪዮ የአባ ጃርሶ የወንድም ልጅ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጥ ነበር።

«ወሪዮ፣ ጅብ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?» ይሉታል አባ ጃርሶ፤ እንስቃለን። እሱ ግን አይስቅም ነበር።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ሰው ሁሉ ማን የማን እንደሆነ የሚጠያየቅበት ጊዜ መጣ። ትናንት «ሸምሱ» ይለኝ የነበረ ደንበኛ «አንተ የጉራጌው» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን የተወለድኩት ሜጋ ነው፤ አባቴ አገሬ የሚለውን ቦታ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት አባ ጃርሶ ለሽማግሎች ስብሰባ ነገሌ ሄደው ሳለ ጉድጓድ ወረድን። ወሪዮ ከእኔ በታች፣ ሦስተኛዋ እርከን ላይ ቆሟል። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ባልዲው ሲደርሰኝ ያዝኩት፤ እሱ ግን አልለቀቀውም።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ታውቀኛለህ።»

«ይሄን ጉድጓድ አባትህ ቆፍሮታል? ውጣ። ሂድና አገርህ ቆፍር።»

ዘፈኑ ተቋረጠ። ከላይም ከታችም አንድ ሰው ይናገርልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንዱ ሳቀ፤ የቀሩት ባልዲያቸውን አዩ። ወጣሁ። ፍየሎቹ አንገታቸውን ወደ ገንዳው አስግገው ነበር፤ ሳይጠጡ ነዳኋቸው።

አባ ጃርሶ ሲመለሱ ከዘራቸውን ይዘው ሱቃችን ድረስ መጡ። «ቦታህ ባዶ ነው። ነገ ውረድ» አሉኝ።

«አባ ጃርሶ፣ ከርከሮው አልተመለሰም» አልኳቸው።

አባቴ በጥፊ ሊለኝ እጁን አነሳ። እሳቸው ያዙትና «ተወው፣ ገና አልጨረሰውም» ብለው ወጡ።

እኔ ግን ዳግመኛ አልወረድኩም፤ በዚያ በጋ ስምንቱ ፍየሎች ሞቱ፤ ሦስቱን አባቴ ለሥጋ ነጋዴ በማይረባ ዋጋ ሰጠ። እኔም ከቤት ወጥቼ በነገሌና በፊልቱ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። ሌላው ሲደክመው እናቱን ያስባል፤ እኔ መኪና ሥር ተኝቼ የማስበው ወሪዮን ነበር። ሾፌር ስሆን፣ የራሴን መኪና ስገዛ፣ ሁለተኛውን ስጨምር «ይህ ስንተኛው ፍየል ነው?» እያልኩ እቆጥር ነበር። አባ ጃርሶ አረፉ ሲሉኝ እንኳ ወሪዮ ባለበት ቀብር አልቆምም ብዬ ቀረሁ።

ሜጋ የተመለስኩት ጠጉሬ መሸበት ሲጀምር ነው። ፈቃድ አውጥቼ አውራ ጎዳናው ዳር ጉድጓድ በማሽን አስቆፈርኩ፤ ፓምፕና ጄኔሬተር ተከልኩ፤ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አሠራሁ። ዋጋውን ዝቅ አደረግኩት። ሰው ቀኑን ሙሉ ባልዲ ከሚቀባበል ለእኔ ከፍሎ መሄድ መረጠ፤ አሮጌው ኤላ ሰው አጣ፣ ዘፈኑም ቆመ። በጭቃ ተደፈነ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ቀጥሎ በመጣው ድርቅ ወሪዮ አጥንታቸው የወጣ ከብቶች እየነዳ መጣ። አርጅቷል።

«አካም፣ ሸምሱ» ብሎ በቦረናዎች ቋንቋ ሰላም አለኝ።

«ናጋ። ተራህን ጠብቅ።»

ሁሉም አጠጥቶ እስኪሄድ አቆምኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቶቹ ጠጡ። ገንዘብ ሲያወጣ እጁን መለስኩት።

«ካንተ አልቀበልም።»

«ለምን? ከሰው ሁሉ ትቀበላለህ።»

«የከፈለ ሰው የራሱን ይጠጣል። አንተ የመጤ ውኃ ጠጥተህ ሂድ።»

ገባው። ከብት በውኃ ጥም እያለቀ የሚሄድበት ስለሌለው በሦስት በሦስት ቀን አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ ገንዘቡን ይዘረጋል፤ እኔ እመልሳለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አንድ ቀን የሞላ ጀሪካን አህያው ላይ ሊጭን ሲታገል አየሁት። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለው።

«ሰው ከጉድጓድ የሚያስወጣ ክንድ ዛሬ ጀሪካን አቃተው?» አልኩት።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄን ክንድ የጨረስከው አንተ ነህ» አለ። «አጎቴ አባ ጃርሶ በእርከንህ ሰው አላቆሙም። ‹የሸምሱ ቦታ ነው። አንተ አስወጣኸው፣ አንተ ድረስለት› አሉኝ። ከሦስተኛዋ ተንጠራርቼ ለአምስተኛው ሳቀብል ኖርኩ። ክንዴ እስኪደርስ ዘፈኑ አንተ ቦታ ላይ ቆም ይል ነበር። አዲስ የመጣ ልጅ ‹ለምን ዝም አላችሁ?› ሲል ‹እዚህ ሰው አለ› ይሉታል። አጎቴ ሲሞቱም አደራ ብለው ሞቱ። ፓምፕህ እስኪመጣ ማንም አልቆመባትም።»

ጀሪካኑን አንስቼ አህያው ላይ ጫንኩለት።

በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ገንዘቡን ተቀበልኩት። አንድ ብር አልቀነስኩለትም፤ መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ እሱም ቆጥሮ ተቀበለ። ይቅር አላልኩትም፤ ሒሳብ መዝጋት ሌላ ነው። እኔ ልበቀለው በየመንገዱ የዞርኩበትን ነገር አባ ጃርሶ በየቀኑ በባልዲ ሲያስከፍሉት ኖረዋል፤ እኔ የሰበሰብኩት የተከፈለ ዕዳ ነው።

አሁን ማታ ማታ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ደጄ ላይ ከሰል አያይዤ እቀመጣለሁ። ፍሙን ስቆሰቁስ የአባ ጃርሶ ጥያቄ ይመጣብኛል። ከርከሮው ተመልሷል፤ ጭቃ ሊጠርግ ግን አልነበረም። የቀረልኝን አስባለሁ፦ ፓምፕ፣ ገንዳ፣ ሁለት መኪና፣ ውኃ የጠገበ ከብት። በስምንቱ ፍየሎች ፋንታ የአንድ ሰው ክንድ ሄዷል። የጎደለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሜጋ ላይ ማንም ያልቆመባት፣ ስሜ ተጠርቶ የተጠበቀችልኝ አንዲት እርከን ነበረችኝ፤ በጭቃ ያስደፈንኳት እኔው ነኝ።