የሶፊዋ ጸሎት ቤት ጣሪያ

ባለፈው እሑድ ሸዋ በር አጠገብ ባለው ጸሎት ቤታችን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰባኪው ንግግሩን አቋርጦ ቆመ። እስኪያባራ ጠበቅን። እኔ ሶፊ መንደር ያለችውን አሮጌ ጸሎት ቤት አሰብኩ። እዚያ ውስጥ ዝናብ አይሰማም ነበር።

አያቴ ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ ነበሩ። ጸሎት ቤቷን ከሚስዮናውያኑ ጋር ሲሠሩ እንደ መንደሩ ቤቶች ግድግዳዋን በድንጋይ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያዋን በእንጨትና በጭቃ አደረጓት። እንዲህ ያለ ጣሪያ ከክረምት በፊት ካልተመረገ ያፈሳል። አማኞቹ ጥቂት ስለነበሩ በየዓመቱ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውን ለደቦ ይጠሩ ነበር። ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ አንድ ግንቦት ለዕረፍት መጥቼ፣ መምህርና የጉባኤው ሽማግሌ ከሆነው አባቴ ጋር ከከተማው ኤረር በር በባጃጅ ወደ ሶፊ ወረድን። መንገዱ አቧራና የበሰለ ማንጎ ይሸታል። ከመንደሩ ሴቶች ጋር ጭቃውን ከጭድ እያዋሃድኩ በእግሬ ረገጥኩ። የጸሎት ቤቷ ጎረቤት፣ አዛውንቱ አው ዩሱፍ፣ ጉንጫቸውን በጫት ወጥረው ጣሪያው ላይ ይመርጋሉ።

«አው ዩሱፍ፣ በጸሎት ቤት ጫት?» አለ አባቴ።

«እኔ ጣሪያው ላይ ነኝ መምህር፤ መች ገባሁ?»

ሴቶቹ ሳቁ።

የደቦው ምግብ ሁልጊዜ የሚመጣው ከሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ቤት ነበር፤ የማሽላ ቂጣና በወተት የፈላ የቡና ቅጠል፣ ሆጃ። እየበላን ሳለ አባቴ እንደ ምሥራች «ከእንግዲህ አናደክማችሁም፤ ቆርቆሮ ተገዝቷል» አለ።

አው ዩሱፍ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማን ደከመኝ አለ? ይህን እንጨት የደረደረው አባቴ ነው።»

«እርስዎም እኮ አርጅተዋል።»

«ልጆች አሉኝ። ታዲያ ከዚህ በኋላ በምን ትጠሩናላችሁ?»

«በበዓል እንጠራችኋለና።»

«በበዓል እንግዳ ነን» አሉ ቀስ ብለው።

ቆርቆሮው ተመታ። በመጀመሪያው በዓል ጎረቤቶቹ መጡ። እኛ ያረድነውን ስለማይበሉ ሙዝና ለስላሳ አቀረብንላቸው። በር አጠገብ ተቀምጠው መረቁንና ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት አው ዩሱፍ ልጃቸውን ብቻ ላኩ። ከዚያ ወዲያ የመጣ የለም፤ የተጣላም የለም።

አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ግንቦት ሲገባ «ይኼኔ ጭቃ እንረግጥ ነበር» ይላል።

እሑድ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ሰባኪው ስብከቱን ሲቀጥል፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ አሁንም ሽቅብ ወደ ጣሪያው ይመለከት ነበር። ቆርቆሮው አንዲት ጠብታ አላስገባም።